ግብር የተጣለበት ዳስ

ዲላ ውስጥ፣ ከጪጩ መውጫ ወዲህ ባለው ሰፈር ሰው ሲሞት ዕድሩ ሸራ ይወጥራል። አራት ቋሚ ይተከላል፣ ሸራው ይጣላል፣ አግዳሚ ወንበሮች ይደረደራሉ፣ ንፍሮ ይቀቀላል። በሦስተኛው ቀን ሸራው ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለሳል። ሀብታም ቢሞት ድሃ ቢሞት ያው ነው፣ ሸራው አይረዝምም አያጥርም። አናጢው ባልቻ ሲሞት ግን ይኼ ደንብ ቀረ፤ የሚስቱ የአልጣሽ መከራም ከዚያ ጀመረ።

ባልቻ በጥር ወር 1961 ዓ.ም. የአንድ ቡና ነጋዴን መጋዘን ክዳን ሲመታ ከወራጅ ላይ ወድቆ ሞተ። ያንን ሰፈር የሠራው እሱ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ከመንገዱ በላይ ከተሰለፉት አሥራ አንድ ቤቶች ሰባቱን ያቆመው በእጁ ነው። የዕድሩን ሠላሳ አግዳሚ ወንበሮችም ዋንዛ አስፈልጦ፣ ልጎ፣ መትቶ ያለ አንድ ሳንቲም ያስረከበው እሱ ነበር። እናም የዕድሩ ልጆች ሸራውን ተሸክመው ሲመጡ የሙያ ጓደኛው ገሪማ በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው።

«አናጢ ሞቶ በሸራ አይለቀስም!» አለ።

ስድስት አናጢዎች እንባቸውን እየጠረጉ ከንጋት እስከ ቀትር ሠሩ። ቋሚውን ጠርበው ተከሉ፣ ከነጋዴ ቆርቆሮ ተውሰው ከደኑ፣ ጎንና ጎኑን በጣውላ ዘጉ። ሐዘንተኛ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ብለው ሁለት በር አወጡለት። ባልቻ ለራሱ ያልሠራውን ያህል ሰፊ ቤት ለለቅሶው ሠሩለት። ለአርባው ተዝካር ይሆናል ተብሎም እስከዚያው እንዲቆም ተወሰነ።

አልጣሽ ይኼን ሁሉ ያየችው በእንባ ውስጥ ነው። ባልቻ ከቡሌ ደጋ ሲያመጣት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጭቃውን የረገጠችው፣ ጭዱን ያቦካችው፣ ውሃውን ከወንዝ የቀዳችው እሷ ናት፤ እሱ ማገር ሲመታ እሷ ግድግዳ ትመርግ ነበር። ልጅ አላደገላቸውም። ከቡሌ የሚወርድላትን ዋሳ፣ የከተማው ሰው ቆጮ የሚለውን ማለት ነው፣ በገበያ ቀን ትሸጣለች። ባሏ ሲሞት የቀራት ቤቱና የመሣሪያ ሳጥኑ ብቻ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቤቱ ብቻ ነው፣ መጋዝ ለሴት ምን ይሠራላታል።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ ትልቅ መዝገብ ታቅፏል፣ አንዱ ሜትር ይዟል፣ አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አድርጓል። ባለ ባርኔጣው አቶ ደመላሽ ይባላል፣ ለግብር ቤት እየዞረ የሚገምት ሰው ነው። የመሥሪያ ቤታቸው ስም ጠፍቶኝ አይደለም፤ መጥራቱን ስለማልወደው ነው። ሰዉ ግምት ቤት ይለው ነበርና እኔም እንዲሁ እለዋለሁ።

ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው «ምን ፈልገህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነውር ነው። አስቀመጧቸው። ንፍሮ በሰፌድ፣ ጠላ በጣሳ ቀረበላቸው። አቶ ደመላሽ የተቀመጠው የዕድሩ ዳኛ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር።

«ሰው ብዙ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ።

«ምን ይጠየቃል! ትናንት ብቻ ሁለት መቶ አልፏል። ከይርጋ ጨፌ ድረስ ነው የሚመጣ።»

«ይበላል ይጠጣል?»

«ሳይበላማ ማን ይለቀዋል ጌታዬ!»

«ገንዘብስ?»

«እንደ አቅሙ ያዋጣል። ያውልዎ ጸሐፊያችን በር ላይ ተቀምጦ ይመዘግባል» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ በኩራት። ሟችን ማክበራቸው ነበር። የሟች ክብር በለቀስተኛው ብዛት ይለካ የለ?

ባለ ሜትሩ ደግሞ ተነሥቶ ዳሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት ያዘ። ገሪማ ይኼን አየና ደረቱን ነፋ። ሰውዬው ሥራውን አድንቆ የሚለካ መሰለው። የሜትሩን ሌላ ጫፍ ይዞለት እየዞረ «ማዕዘኑን እይማ! አንድ ጣት አልሳተም» እያለ አሳየው። ሲጨርሱ አቶ ደመላሽ አፉን ጠርጎ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወጣ። ከኋላው «አሜን፣ ይማርልን» ያሉት ብዙ ነበሩ።

አርባው ወጣ፣ ዳሱ ፈረሰ፣ ቆርቆሮው ለየባለቤቱ ተመለሰ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ለአልጣሽ ወረቀት መጣላት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ አጥር ለአጥር የምትጎራበታት ዘነቡ ግን ፊደል ቆጥራለች። በሁለቱ ግቢ መካከል አጥሩ ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የምታልፍበት ቀዳዳ ነበር። በዚያ እሳት ይጫጫራሉ፣ ጨው ይበዳደራሉ፣ ወሬም በዚያ ያልፋል። አልጣሽ ወረቀቷን ይዛ በዚያው ቀዳዳ ሄደች። ዘነቡ ጮክ ብላ አነበበችላት።

«በወይዘሮ አልጣሽ ስም የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሁለት በር ያለው ሰፊ የምግብና የመጠጥ አዳራሽ፤ በቀን እስከ ሁለት መቶ ደንበኛ የሚስተናገድበት፤ አገልግሎቱ የንግድ።»

ሁለቱም መጀመሪያ ሳቁ። እንደዚያ የሳቁት ባልቻ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው። ቀጥሎ ዘነቡ የታችኛውን መስመር አነበበች፤ ግብሩ ስምንት ብር የነበረው ስድሳ አራት ሆኗል። ሳይከፈል ዓመቱ ካለፈ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። ቅሬታ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበል ይላል።

«ስድሳ አራት?» አለች አልጣሽ። «ዋሳ ሽጬ?»

በማግስቱ ግምት ቤት ሄደች። አማርኛዋ ከቡሌ የወረደ ነው፤ ወንዱንና ሴቱን ስታቀላቅል ጸሐፊዎቹ ይሳሳቁባታል። እሷ ግን አላፈረችም።

«ጌታዬ፣ ዳሱ እንግዳ ናት። መጣች፣ ሄደች። የኔ ቤት አይደለችም» አለችው ለአቶ ደመላሽ።

«እኔ ያየሁትን ጻፍኩ።»

«ለቅሶ አላዩም? ንፍሮ በልተው ነፍስ ይማር አላሉም?»

«ንፍሮው ሌላ፣ ግምቱ ሌላ። በዚያን ዕለት ቤቱ ቆሞ ነበር አልነበረም?»

«ቆሞ ነበር።»

«በቃ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ደመላሽ ግን ሞኝ አልነበረም። የበላዮቹ «በአንተ ሰፈር የንግድ ቤት አነሰ» ብለው ተቆጥተውት እንደነበር ኋላ ተሰምቷል። ቁጣውን የሚያበርድበት አንድ አዳራሽ ሲፈልግ የባልቻን ዳስ አገኘ። ንፍሮ እየቆረጠመ፣ ለቅሶ መሆኑን እያወቀ ነው የጻፈው። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ይይለት ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ከግምት ቤት ፊት ለፊት ዋርካ ሥር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። አልጣሽ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሰውዬው ብዕሩን አነሣና «ተመሳሳይ ቤት ጥሪልኝ» አላት። «ያንቺን የሚያክል፣ ግብሩ ግን ያነሰ። ተመሳሳይ ያልተጠራበት ይግባኝ አይታይም።»

አልጣሽ ለአፍታም አላሰበችም። «የዘነቡ ቤት» አለች። «ባልቻ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ገመድ ለክታ የሠራት። ክፍሉ ሁለት፣ ቆርቆሮው እኩል።» ይህን ስትል ደስ ብሏት ነበር። እህቴ እኔን ትመስላለች እንደ ማለት ነው ለእሷ። ጸሐፊው ጻፈ፣ እሷም አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ይግባኙ ገባ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ፣ መልስ የለም። ሐምሌ ላይ ያ ባለ ሜትር ተመልሶ መጣ። የመጣው ግን ወደ አልጣሽ አይደለም፤ ወደ ዘነቡ ነው። ከዘነቡ ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ፣ አሥሩንም ቤት ለክቶ ሄደ። አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ አሥሩም ቤት ወረቀት ደረሰው። «በይግባኝ ባይዋ በተመሳሳይነት የተጠራው ቤት ግምት አለመጠን ዝቅ ብሎ ስለተገኘ፣ የመሥመሩ ቤቶች በሙሉ እንደገና ተገምተዋል» ይላል። የዘነቡ ስምንት ብር ሠላሳ ሆነ። የሌሎቹም እንዲሁ። የአልጣሽ ስድሳ አራት ግን እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ጉዳዩ ገና አልታየም።

ዘነቡ መጣች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ግን አይደለም፣ በመንገዱ በኩል ዞራ፣ እንደ ባዕድ በሩን አንኳኩታ።

«አልጥዬ፣ ስሜን አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው?»

«ስምሽን አይደለም... ቤቱን ነው። እኩል ናት አልኩ እንጂ እኔ...»

«እኩል አደረጉን። ደስ ይበልሽ» አለች ዘነቡ።

አልጣሽ እግሯ ላይ ወደቀች። አላወቅሁም አለች፣ በባልቻ አጥንት ማለች። ዘነቡ አላነሣቻትም፤ አልፋትም አልሄደችም። «ባሌ ኩላሊቱን ታሞ ተኝቷል፤ ሠላሳ ብር ከየት ነው የማመጣው?» ብላ ጠየቀቻት። በማግስቱ ጠዋት የአጥሩ ቀዳዳ በቀጋ እሾህ ተደፍኖ አገኘችው። ባል ስትቀብር እንኳ እንደዚያ ቀን ቤቱ ባዶ አልሆነባትም።

ዕድሩ ተሰበሰበ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወደ መንግሥት ከመሄድሽ በፊት ወደ ዕድር መምጣት ነበረብሽ። የሰፈርሽን ሰው ቤት ለገማች አሳልፈሽ ሰጥተሻል» አሏት። ቅጣት ፈረዱባት፤ አምስት ብርና ይቅርታ።

ይቅርታውን ጠይቃ፣ አምስቱን ብር ለምናም ከፍላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እዚህ ላይ ተሳስታለች እላለሁ። ግን ደግሞ በእሷ ቦታ ሆኜ ሳስበው እኔም እንደዚያው የማደርግ ይመስለኛል። ቀና ብላ አየቻቸውና፦

«አባቴ፣ ሁለት መቶ ሰው ይመጣል፣ ይበላል፣ ገንዘብ ይጥላል ብለው ለደመላሽ የነገሩት እርስዎ ነዎት። ገሪማ ሜትሩን ይዛለች። እኔ ያኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ማንን አሳልፌ ሰጠሁ?» አለች።

ገሪማ አንገቱን ደፋ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ፊታቸው ጠቆረ። ሰው በሐሰት ቢወነጅሉት ምሎ ተገዝቶ ይታረቅ ይሆናል፤ በአደባባይ እውነቱን የነገረውን ግን ይቅር ለማለት ይከብደዋል። ቅጣቱ እስኪከፈል የዕድሩ ዕቃ ለአልጣሽ እንዳይሰጥ ተወሰነ። እሷም «አልከፍልም» ብላ ወጣች።

ይግባኙ የታየው በጥቅምት ነው። ይግባኝ የሚሰሙ ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ደመላሽ መዝገቡን ይዞ ከጎን ቆሟል። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው።

«ዳሱ የለቅሶ ነበር ትያለሽ። ሦስት ምስክር አለሽ?»

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይላል የናንተ አገር ሰው» አለች አልጣሽ። «የቀበሩት አሉ። ይጠሩ።»

ተጠሩ። ከገሪማ በቀር የመጣ የለም። አንዱ ቡና ለቀማ ኮንጋ ወርዷል ተባለ፣ አንዱ ወገቡን አሞታል። ገሪማ ብቻ ኮፍያውን በእጁ እየጠመዘዘ «እኔ ነኝ የሠራሁት፤ የለቅሶ ነው» ብሎ መሰከረ። አንድ ምስክር ለሕጉ አይበቃም።

ያኔ አልጣሽ ሌት ተቀን ስታሰላስለው የከረመችውን ተናገረች። «ጌታዬ፣ ጥር ሃያ ስድስት የባሌ ሙት ዓመት ናት። ዳሱን ደግመን እንተክላለን። ሰዉ ሁሉ ይመጣል። እናንተም ኑ። ጠዋት ስትቆም፣ ማታ ስትፈርስ በዓይናችሁ እዩ። የሚበላው ደንበኛ ይሁን ሐዘንተኛ፣ እሱንም እዩ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው አዩአት። ደመላሽ ሊናገር ሲል በእጃቸው ከለከሉት። «ይሁን። እንመጣለን» አሉ።

ገሪማ መንገድ ላይ ደረሰባት። «አልጣሽ፣ ሰዉ አኩርፏል እኮ። ባይመጣስ?»

«እኔን ጠሉ» አለችው። «ባልቻን አይጠሉም። ባልቻ ምን አደረጋቸው?»

በእርግጥ ባልቻ ምን አደረጋቸው? ያቆመላቸው ቤት ውስጥ ነው የሚተኙት። ይህን አስባ ልቧ ሞላ። የመሣሪያ ሳጥኑን ከነመጋዙ፣ ከነመላጊያው ለአንድ የኮንጋ አናጢ ሸጠችና ለሙት ዓመቱ ገብስ፣ ስንዴና ጌሾ ገዛች። ንፍሮ በጉርድ በርሜል ቀቀለች። ሦስት ጋን ጠላ ጠመቀች። ዳቦ ስትጋግር ሁለት ቀን ዋለች። በየቤቱ እየዞረች ጠራች፤ «ለባልቻ ነው፣ ለኔ አይደለም» እያለች። እሺም እምቢም ያላት የለም፣ ሁሉም «እግዜር ያውቃል» ብሎ በሩን ገርበብ አደረገ። ዘነቡ በር ላይ ስትደርስ ሳታንኳኳ ተመለሰች።

ጥር ሃያ ስድስት ነጋ። ገሪማ መጣ፣ ብቻውን። የቀሩት አምስቱ አናጢዎች ቤታቸው እዚያው መሥመር ላይ ነው፤ እነሱም ወረቀት ደርሷቸዋል። አራት ያልተጠረበ እንጨትና አንድ የቡና ማስጫ ሸራ ተሸክሞ ነበር። ተክሎ፣ ወጥሮ ሲጨርስ ሸራው በአንድ ወገን አጠረ። አናጢ ባልቻ በሸራ ተለቀሰ። ሠላሳዎቹ አግዳሚዎች ከዚያ መቶ እርምጃ በማይሞላ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው ዋሉ። አልጣሽ ለመቀመጫ ሁለት ዱካና አንድ የልብስ ሣጥን አወጣች።

ቄሱ መጥተው ፍትሐት አደረሱ፤ ሌላም ቤት ይጠበቁ ነበርና ዳቦ ባርከው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው በሯ አጠገብ ሲደርስ ጥላውን ወደ እሷ በኩል ያዘነብላል። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ በሩቁ ታይተው በላይኛው መንገድ ዞሩ። ከእሾሁ ወዲያ ዘነቡ ስታስል ይሰማል፤ ቤቷ ናት።

አራት ሰዓት ሆነ። አልጣሽ ንፍሮው እንዳይቀዘቅዝ ደጋግማ እሳት ታደርግበታለች። ገሪማ ዱካው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። «ሥራ ይዟቸው ነው» አለ አንዴ። ማንም አላመነውም፣ ራሱም።

አምስት ሰዓት ላይ ሰብሳቢው፣ ደመላሽና አንድ ጸሐፊ መጡ። አልጣሽ ተነሥታ እጅ ነሣች። ሰብሳቢው ሸራውን፣ ሁለቱን ዱካ፣ ጋኖቹን አዩ።

«ሰዎቹስ?»

«ይመጣሉ፣ ጌታዬ።»

ተቀመጡ። ገሪማ ዱካውን ለቀቀላቸው። ንፍሮ በሰፌድ፣ ጠላ በጣሳ ቀረበላቸው። ጸሐፊው ትንሽ ቀመሰ። ሰብሳቢው ጣሳውን ይዘው ወደ መንገዱ አዩ። ደመላሽ በላ። ባለፈው ዓመት እንደበላው በላ፤ ሲጨርስም አልጣሽ ጨመረችለት፣ ምን ታድርግ፣ ሙት ዓመት ነው፤ የመጣ ሁሉ ይበላል።

አንድ ሰዓት ያህል ተጠበቀ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ጸሐፊውን «ጻፍ» አሉት። አልጣሽ ደነገጠች።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይቆዩ። ከገበያ ሲመለሱ ይገባሉ። ባልቻን የሚያውቅ ሁሉ ይመጣል።»

«ምን ያስጨንቅሻል?» አሉ ሰብሳቢው። ደግ ሰው ነበሩ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው። «አለመምጣታቸው ለአንቺ ነው የሚበጅሽ። አዳራሽ የለም፣ ደንበኛ የለም። ረትተሻል እኮ።»

«ጎረቤቶቼስ? የነሱስ ይቀነሳል?»

«እነሱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ አላሉም። ጊዜው አልፏል።»

ጸሐፊው የጻፈውን ቆሞ አነበበ። «ዛሬ ጥር 26 ቀን 1962 ዓ.ም. በይግባኝ ባይዋ ጥያቄ በቦታው ተገኝተን ስንመለከት፣ የሟች ባልቻ ሙት ዓመት ነው በተባለው ዳስ ውስጥ ከባለቤቲቱና ከአንድ አናጢ በቀር ማንም ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ቤቱ የመኖሪያ እንጂ የንግድ አለመሆኑን አረጋግጠን፣ ግብሩ እንደ ቀድሞው ስምንት ብር እንዲሆን ወስነናል። ይግባኝ ባይዋም ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን በጣት አሻራዋ ታረጋግጣለች።»

ደመላሽ እጁን አራግፎ ተነሣ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። በዚያን ቀን ከቄሱ በቀር ይህን ያላት እሱ ብቻ ነው። «አሜን» ያለ አልነበረም።

ጸሐፊው የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ አቀረበላት። አልጣሽ እንደገና ወደ በሩ አየች። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ የሚገባ የለም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነችና፣ በባሏ ሙት ዓመት ማንም አለመምጣቱን አረጋገጠች።